ከክሪክና ከጣውላ የተሠራ የፖም መጭመቂያ

(በምሩቃን ማኅበራችን የመገናኛ ጉባኤ፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የተደረገ ንግግር። ከድምፅ ቅጂ ተገልብጦ በተናጋሪው የታረመ።)

ውድ የአለማያ ልጆች፣

ከምሳ በኋላ፣ ያውም ከዶሮ ወጥ በኋላ ንግግር ማድረግ ምን ማለት እንደሆነ ስለማውቅ የሚያንቀላፋ ሰው ቢኖር አልቀየምም። አዘጋጆቹ ስለ አንድ ነገር ብቻ እንድናገር ነው የፈቀዱልኝ፤ እሱም እዚህ አጠገቤ የቆመው የእንጨት ነገር ነው። ጠዋት ከመኪና ስናወርደው አንዷ እህታችን "የሽመና ዕቃ ነው እንዴ?" አለችኝ። ሌላው ደግሞ፣ ስሙን አልጠራም፣ "ደህና አልጋ ይወጣዋል" ብሏል። (ሳቅ) መጭመቂያ ነው፤ የፖም መጭመቂያ። ባለፉት ሰባት ዓመታት በየጥቅምቱ ቤቴ ጓሮ ውስጥ ስንጨምቅበት የኖርነው ይሄው ነው።

ይዤው የመጣሁት ለጨዋታ ብቻ አይደለም። ነገ ጠዋት በጠቅላላ ጉባኤው ድምፅ የምንሰጥበት ሐሳብ አለ፤ ለጨንቻ አካባቢ ፖም አምራቾች ከአውሮፓ መጭመቂያ ገዝተን እንላክ የሚል። ሐሳቡን ያቀረቡት ወንድሞች ልባቸው ቅን ነው፤ ገንዘቡንም እየዞሩ የሰበሰቡት እነሱ ናቸው። እኔ የምለው ገንዘቡን ከማውጣታችን በፊት መጭመቂያ ማለት ምን እንደሆነ አብረን እንይ ነው። ካያችሁት በኋላ የፈለጋችሁትን ምረጡ።

በቅድሚያ ስለ ስሙ። እዚህ አሜሪካ "ሳይደር" ሲሉ ብዙውን ጊዜ ያልተጣራ፣ ገና ያልተብላላ፣ መልኩ ቡናማ የሆነ የፖም ጭማቂ ማለታቸው ነው። አልኮል ያለውን "ሃርድ ሳይደር" ብለው ይለዩታል። እንግሊዞች ግን ሳይደር ካሉ የተብላላውን ነው፤ በፈረንሳይ ኖርማንዲም "ሲድር" የሚሉት እሱኑ ነው። ይህን የምለው ከመካከላችን የማይጠጣም፣ የሚጾምም፣ ሐኪም የከለከለውም ስላለ ነው። መጭመቂያው ይህን ልዩነት አያውቅም። ከሥሩ የሚወጣው ለሁሉም የሚሆን ጣፋጭ ጭማቂ ነው። ጠጅ አድርጎ ማስቀመጥ የፈለገ ሰው ሌላ ሥራ አለበት፤ እሱን በሌላ ጉባኤ እናወራለን።

እኔ የምኖረው ቨርጂኒያ ነው፣ ከሼናንዶዋ ሸለቆ ብዙም ሳልርቅ። አካባቢው የፖም አገር ነው፤ ዊንቸስተር የምትባለው ከተማ እ.ኤ.አ. ከ1924 ጀምሮ የፖም አበባ በዓል ታከብራለች። የጎረቤቴ የሽማግሌው ጓሮ ውስጥ ሦስት ትልልቅ የፖም ዛፎች አሉ፤ አንዱ ስቴይማን፣ አንዱ ዮርክ፣ አንዱ ጎልደን ዴሊሸስ። ሰውየው ፍሬውን የሚለቅምበት ጉልበት የለውም። በየመኸሩ ፖሙ እየረገፈ ሣር ላይ ይበሰብሳል፣ እሱም በሣር ማጨጃው ይሄድበታል። እንግዲህ እኔ የገበሬ ልጅ ነኝ፤ ይህን በመስኮት እያየሁ ቡና መጠጣት አልቻልኩም። ሄጄ ጠየቅኩት። "ከዛፉ ላይ ያለውን ሁሉ ውሰድ፣ እኔ የምፈልገው አንድ ጋሎን ብቻ ነው" አለኝ። ውላችን እስከ ዛሬ ይኸው ነው።

የመጭመቂያ ዋጋ ስጠይቅ ያየሁት ቁጥር ለአንድ ጋሎን ውል የሚሆን አልነበረም። እኛ ደግሞ የተማርንበት ቤት ስሙ ምን እንደነበር ታላላቆቻችን ታስታውሳላችሁ፤ በኦክላሆማ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ድጋፍ ሲቋቋም የእርሻና የመካኒካል ጥበባት ኮሌጅ ነበር የተባለው። ከስሙ ውስጥ "መካኒካል" የሚለው እየቆየ ተረሳ እንጂ፣ በዎርክሾፑ ያለፈ ሰው ቡሎንና ዳዶ አይፈራም። ጣውላውን፣ ክሪኩን፣ ጨርቁን፣ ሁሉንም ደምሬ 210 ዶላር ወጣብኝ። ጉልበቱን አልቆጠርኩም፤ ባለቤቴ ግን ቆጥራዋለች። (ሳቅ)

አሁን ወደ ዕቃው። ልብ ብላችሁ ካያችሁት አራት ነገር ነው፦ ክፈፍ፣ ክሪክ፣ ርብራብ፣ ጨርቅ። ክሪኩ የጭነት መኪና የሚያነሣው ዓይነት፣ ስድስት ቶን የሚገፋ ነው። ሰው መጀመሪያ የሚያየው እግሮቹን ነው፤ "ይሄ ሁሉ ስድስት ቶን ይሸከማል?" ይላል። የሚሸከመው ክብደት የለም። ክሪኩ ወደ ታች ፖሙን በገፋ ቁጥር ወደ ላይ ደግሞ ይህንን አግዳሚ በዚያው ልክ ይገፋል። ስለዚህ ግራና ቀኝ ያሉት ቋሚዎች የሚጎተቱ ናቸው፣ እያንዳንዳቸው በሦስት ቶን። ክፈፉ የሚፈራው መሰበርን ሳይሆን መገንጠልን ነው፤ ጭንቀቱ ሁሉ ያለው መገጣጠሚያው ላይ ነው።

ለዚህ ነው አግዳሚው ሁለት ድርብ የኦክ ጣውላ የሆነው፤ ውፍረቱ 10፣ ቁመቱ 20 ሴንቲ ሜትር። በየመገጣጠሚያው ባለ 16 ሚሊ ሜትር ቡሎን ሁለት ሁለት ገብቷል፣ ከሰፋፊ ሮንዴላ ጋር። በትራፓኖ የበሳኋቸው ቀዳዳዎች ከጣውላው ጫፍ ምን ያህል ገባ እንዳሉ እዩልኝ፤ 12 ሴንቲ ሜትር ናቸው። ከዚያ ቢያንሱ እንጨቱ በጭረቱ ተከትሎ ይሰነጠቃል፤ ፍልጥ የፈለጠ ሰው ይህን ያውቃል። ሚስማር የሚባል ነገር ክፈፉ ላይ የለም። ክሪኩ ደግሞ ቀጥ ብሎ ነው የቆመው፤ አብዛኛው የጠርሙስ ቅርጽ ያለው ክሪክ ተገልብጦ አይሠራም። ከሥሩ ያለችው ትንሽ ሳህን ለዘይቱ ናት፤ ጠብታ ዘይት ብታመልጥ ጭማቂው ውስጥ እንዳትገባ።

አሁን ዋናው ነገር። ብዙ ሰው ጭማቂ የሚወጣው በኃይል ይመስለዋል። ስድስት ቶን ያነሰ እንደሆነ አሥር፣ አሥር ያነሰ እንደሆነ ሃያ። ሙሉ ፖም በሃያ ቶን ብትጨምቁት ያገኛችሁት የተዳጠ ፖም ነው። ጭማቂው ያለው በጥቃቅን ሕዋሳት ውስጥ ስለሆነ መጀመሪያ ሕዋሳቱ መፈንዳት አለባቸው። ግማሹ ሥራ መፍጨት ነው ብል አላጋነንኩም፤ እንዲያውም ከግማሽ ይበልጣል። መፍጫዬ ያ ሳጥን ውስጥ ያለው የእንጨት ከበሮ ነው፤ ዙሪያውን ጫፋቸው ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቅ ያሉ የማይዝጉ ብሎኖች ተተክለውበታል። ሁለት ኩሽኔታ ላይ ይሽከረከራል፤ የሚያዞረው ከተጣለ የልብስ ማጠቢያ የወጣ ሞተር ነው፣ በፑሌጋና በቺንጋ። አፉ ረጅም የሆነው የማንም እጅ ከበሮው ጋ እንዳይደርስ ነው። ልጆች አጠገቡ ሲሆኑ ሶኬቱን የምነቅለው እኔው ነኝ፤ በዚህ ላይ ድርድር የለም።

ሞተር የሌለው ሰውስ? ትልቅ የእህል ሙቀጫና ዘነዘና ይሠራል። እንግሊዝ አገርም በትንሹ የሚሠሩ ሰዎች በርሜል ውስጥ በግንድ ይወቅጡታል። ሌላም መላ አለ፦ ፖሙን ፍሪዘር ውስጥ አድርቆ ማቅለጥ። በረዶው ሕዋሳቱን ራሱ ይሰነጥቃቸዋል፣ ሲቀልጥ ፖሙ እንደ ስፖንጅ ይለሰልሳል። ለአንድ ሁለት ሳጥን ግሩም ነው።

ከተፈጨ በኋላ ገንፎ መሰል ነገር ይሆናል። ይህንን በርብራብና በጨርቅ እንደረድራለን። ታች የሌለውን ይህን የእንጨት ሳጥን ርብራቡ ላይ አስቀምጡ፤ ጨርቁን ጥጎቹ በሳጥኑ ጎኖች በኩል እንዲወድቁ አድርጋችሁ አልብሱት፤ አምስት ሴንቲ ሜትር ያህል ሙሉበት፤ ጥጎቹን እንደ ፖስታ እጠፉ፤ ሳጥኑን አንሡ፤ ሌላ ርብራብ ጫኑ። እንዲህ ሰባት ጊዜ። ሰባቱ ድርብ ወደ 45 ኪሎ ፖም ይይዛል፤ በደንብ ከተፈጨ 25 ሊትር ገደማ ይወጣዋል።

የርብራቡ ስፋት 40 በ40 ሴንቲ ሜትር ነው። ሒሳቡን እናንተው ሥሩት፤ ስድስት ሺህ ኪሎ ለ1,600 ካሬ ሴንቲ ሜትር ሲካፈል 3.75 ኪሎ ነው። ርብራቡን 50 በ50 ያደረገ ሰው በዚያው ክሪክ የሚያገኘው 2.4 ኪሎ ብቻ ይሆናል። "ትልቅ እናድርገው" ለሚል ሰው መልሴ ይኸው ነው። ጉልበት ከመጨመር ይልቅ ድርቡን ማሳሳትና ቁጥሩን ማብዛት ያዋጣል፤ ጭማቂው ከመካከል እስከ ጠርዝ የሚሄድበት መንገድ ያጥራልና።

ከዚያ ደግሞ ትዕግሥት። ክሪኩን ሁለት ሦስት ጊዜ መትቶ ማቆም። ጭማቂው ራሱ ይወርዳል፤ ፍሰቱ ሲቀንስ እንደገና ሁለት ጊዜ። አንድ ዙር እስከ ግማሽ ሰዓት ይወስዳል። የቸኮለ ሰው ገፈቱን በጨርቁ ቀዳዳ ያስወጣዋል፣ የዳሩም ገፈት ይጠብቅና የመሃሉን ጭማቂ አላሳልፍ ይላል። ጎረምሶች ክሪኩን ሲይዙት አያለሁ፤ መኪና የሚያነሡ ነው የሚመስላቸው። ከጠላ ጠማቂ እናቶቻችን አንዷ ብትይዘው ግን ሳይነገራት ታውቅበታለች።

ስለ ጨርቅ ጥያቄ ይመጣል ብዬ እጠብቃለሁ። ናይለን መረብ ይቻላል፣ በደንብ ይታጠባል። ጥጥም ይሆናል። ነጠላ አንድ ድርብ ብቻውን አይችለውም፣ ሲታጠፍ ይችላል። ዋናው በዚያው ማታ አጥቦ ማድረቅ ነው፤ እርጥብ ሆኖ ያደረ ጨርቅ ሻጋታውን ለሚቀጥለው ጭማቂ ያስተላልፋል።

ጭማቂው የሚነካው ነገር ሁሉ ወይ እንጨት፣ ወይ የማይዝግ ብረት፣ ወይ ለምግብ የተሠራ ፕላስቲክ ይሁን። የፖም ጭማቂ አሲድ ነው፤ ተራ ብረት ሲነካ ጣዕሙም መልኩም ይበላሻል፣ ይጠቁራል። ዚንክ የተቀባ ባልዲ ደግሞ ዚንኩን ወደ ጭማቂው ይለቃል፤ በጭራሽ አትጠቀሙበት። በኬሚካል የታከመ የግንባታ እንጨትም ለርብራብ አይሆንም። ጥድም ሙጫው ይሸታል።

አሁን ትንሽ ቆም እንበል፤ ምክንያቱም ይህኛው ክፍል ቀልድ የለበትም። እ.ኤ.አ. በ1996 በምዕራብ አሜሪካ በእሳት ያላለፈ የፖም ጭማቂ የጠጡ ሰዎች ኢ. ኮላይ በሚባለው ባክቴሪያ ታመሙ፤ አንድ ሕፃን ሞተ። ከዚያ በኋላ ነው በሙቀት ያልታከመ ጭማቂ በጠርሙሱ ላይ ማስጠንቀቂያ ይኑረው የተባለው። ባክቴሪያው ከእንስሳት እበት ይመጣል። ከብት ወይም አጋዘን የሚሰማራበት ሣር ላይ የወደቀ ፖም ጥሩ መስሎ ሊታይ ይችላል፤ ግን አታንሡት። እኔ ከዛፍ የተለቀመውን ብቻ ነው የምጨምቀው፤ እሱንም አጥቤ። ለልጆች፣ ለእርጉዝ፣ ለአረጋውያን የሚቀርበውን ደግሞ እስከ 71 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ አሞቀዋለሁ፤ በቴርሞሜትር እንጂ በግምት አይደለም። ዛሬ ማታ በጠረጴዛችሁ ላይ የምታገኙት በዚህ ያለፈ ነው፤ በነፃነት ጠጡ።

ሁለተኛው ነገር ብስባሽ ነው። የተመታ፣ የቆሰለ፣ መልኩ የተበላሸ ፖም ለጭማቂ ይሆናል፤ መጭመቂያ የተፈጠረውም ለእንዲህ ዓይነቱ ነው። የበሰበሰና የሻገተ ግን አይሆንም። የፖም ሻጋታ ፓቱሊን የሚባል መርዝ ያመነጫል፤ እሱን ደግሞ ማሞቅ አያጠፋውም። ለቅሞ መጣል እንጂ ሌላ መድኃኒት የለውም። ይህን አስምሩበት፤ ጨንቻ ስንደርስ ያስፈልገናል።

እንግዲህ ደረስን። ጨንቻን የምታውቁ ታውቃላችሁ፤ ከአርባ ምንጭ ወደ ሰሜን ዳገቱን ይዛችሁ ትወጣላችሁ፣ ዶርዜን ታልፉና ከ2,700 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ብርዱ ይቀበላችኋል። ፖም ዕረፍቱን ጨርሶ ለማበብ ብርድ ይፈልጋል፤ በቆላ የማይሆነው ለዚህ ነው። ሚስዮናውያን ያመጡት ችግኝ ነው ዛሬ በየጓሮው ያለው። ከሦስት ዓመት በፊት ስሄድ መንገድ ዳር በቅርጫት ሲሸጥ አይቻለሁ። ደህናው ይሸጣል። የተመታው ግን በዚያ ዳገት ቁልቁል በመኪና ሲንገጫገጭ አርባ ምንጭ ሳይደርስ ያልቅለታል። አንዲት እናት የተመታውን ለብቻ ለይተው በጆንያ አድርገው ነበር፤ "ይሄስ?" ብላቸው፣ "ለከብት ነው ልጄ" አሉኝ። ሐሳቡን ያመጡት ወንድሞች ያዩትም ይህንኑ ነው። በችግሩ ላይ አንለያይም።

የምንለያየው በዕቃው ላይ ነው። በብሮሹሩ ላይ ያያችሁት መጭመቂያ በውሃ ግፊት የሚሠራ ነው። መካከሉ ላይ የጎማ ከረጢት አለ፤ ከቧንቧ ውሃ ሲገባበት ይነፋና ፖሙን ዙሪያው ካለው ወንፊት ጋር ያጣብቀዋል። እዚህ ድንቅ ዕቃ ነው፤ የሚጠቀሙበት ሰዎች አውቃለሁ፣ ሥራውም ንጹሕ ነው። ግን ሁለት ሦስት ባር የሚገፋ ቧንቧ ይፈልጋል። ውሃ በጀሪካን ለሚቀዳበት መንደር ይህ ምን ማለት እንደሆነ እናንተ የአለማያ ልጆች እንድነግራችሁ አትጠብቁ። ጎማው የተቀደደ ዕለትስ? አዲሱ የሚመጣው ከፋብሪካው ነው፤ በውጭ ምንዛሪ፣ በጉምሩክ በኩል። በየእርሻ ጣቢያው ግቢ ሣር የበቀለባቸውን የእርዳታ ማሽኖች አይተናል። አብዛኞቹን ያቆማቸው አንድ ጎማ ወይም አንድ ኩሽኔታ ነበር።

ይህ የእኔው ደግሞ? ክሪክ በአርባ ምንጭ ጋራዦች አለ፤ አይሱዙ ባለበት አገር ክሪክ አይጠፋም። ክፈፉን በያጅ ከብረት ይሠራዋል፤ ቀለም ይቀባና ጭማቂ እንዳይነካው ይደረጋል። ለርብራቡ ቀርከሃ አለ፤ የዶርዜን ቤት ያየ ሰው በዚያ አገር ቀርከሃ ምን እንደሚሠራ ያውቃል። እኔ እዚህ በተሰነጠቀ ቀርከሃ የተሠራ ርብራብ ሞክሬ ሁለት መኸር አገልግሎኛል፣ እነሆ፣ ይሄኛው ነው። ጨርቁን ደግሞ ለዶርዜ ሸማኔ ላስተምር ብል ይስቁብኛል። ሳሳ ያለ፣ ድርና ማጉ የጠነከረ ሸማ ብሎ ማዘዝ ነው። የተፈጨውን መጭመቅ እንኳ ለጋሞ እናቶች አዲስ አይደለም፤ እንሰት ፍቀው፣ ውሃውን ጨምቀው፣ ያጠለለውን ቡላ የሚያወጡ ናቸው። መፍጫው በእጅ የሚዞር ይሁን፤ እሱም ከሌለ ሙቀጫ አለ።

ስለ ማሞቁ አንድ ወንድማችን ጠዋት ጥሩ ጥያቄ ጠይቆኛል፤ "እዚያ ከፍታ ላይ ውሃ ቀድሞ ይፈላል፣ ሙቀቱ ይበቃል ወይ?" አለኝ። በ2,700 ሜትር ውሃ የሚፈላው በ91 ዲግሪ ገደማ ነው። እኛ የምንፈልገው 71 ነው። ይበቃል። የማይበቃው ማገዶው ነው፤ ይህን ሳናስብ "ጭማቂ ሽጡ" ማለት የለብንም። ለገበያ ከሆነ ፈቃዱም፣ ጠርሙሱም፣ የንጽሕና ሥልጠናውም ይመጣል። እነዚህን በነፃ የሚሰጥ ማሽን አላየሁም፤ ከአውሮፓም ቢመጣ ያው ነው።

ስለዚህ ለነገ የማቀርበው ማሻሻያ ይህ ነው። የተሰበሰበው ገንዘብ አይመለስ፣ ማሽንም አይገዛበት። በእሱ እዚያው አገር ሁለት መጭመቂያ እናሠራ፤ አንዱ እንዲሠራበት፣ አንዱ በያጁና አናጢው እያዩት እንዲቀዱት። ለቴርሞሜትር፣ ለማይዝግ ድስትና ለጠርሙስ ይመደብ። የእርሻ ምህንድስና ተማሪዎች ከዩኒቨርሲቲው በአንድ መኸር ሁለት ሆነው ሄደው ልኬቱን ይውሰዱ፤ ምን ያህል ፖም ገባ፣ ምን ያህል ጭማቂ ወጣ፣ ስንት እንጨት ነደደ፣ ሴቶቹ ምን አሉ። የሴቶቹን አስተያየት በመጨረሻ ያልኩት ስለሚያንስ አይደለም፤ ክሪኩን የሚመቱት እነሱ ስለሆኑ የክሪኩ እጀታ የት ከፍታ ላይ ይሁን የሚለውን የሚወስኑት እነሱ ናቸው። የእኔው ለእኔ ቁመት የተሠራ ነው፣ ለባለቤቴ አይመችም። ይህን ሰባት ዓመት ስትነግረኝ ኖራለች። (ሳቅ)

ተቃውሞ ያለው ወንድም ወይም እህት እባካችሁ ነገ ሳይሆን አሁኑኑ ተናገሩ፤ ዕቃው ፊታችን ቆሞ ሳለ። በተለይ አዲሱን መጭመቂያ የመረጡት ወንድሞች በደንብ እንዲፈትኑኝ እፈልጋለሁ። ልኬቱ ያለበት ሥዕል መግቢያው ላይ ባለው ጠረጴዛ ላይ አለ፤ አንድ አንድ ቅጂ ውሰዱ፣ ስሕተት ያገኘ በእርሳስ ያርመው።

ከውጭ በረንዳው ላይ አራት ሳጥን ታጥቦ የተዘጋጀ ፖም አለ። ሁለት ሰው እፈልጋለሁ፤ አንድ ለመፍጫው፣ አንድ ለክሪኩ። ለክሪኩ የማይቸኩል ሰው ይሁን። ጃኬታችሁን አውልቁና ኑ።